ቀን ጨዋ፣ ማታ እብድ የሆነው ፓኔል

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቶ ወደ እንጦጦ ዳገቱን በእግሩ የተያያዘ ሰው ሁለት ነገሮችን ሳያስተውል አይቀርም። አንደኛው የትንፋሽ ማጠር ነው። ሁለተኛው፣ ውሃ በገዛ ፈቃዱ ሽቅብ እንደማይወጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ወይም ፎቅ ያለው ሕንፃ፣ መስመሩ የሚያመጣለትን ውሃ ከታች በገንዳ አጠራቅሞ ወደ ላይኛው ታንከር የሚገፋ ፓምፕ ቢያስፈልገው አይገርምም። ፓምፑን ደግሞ ሰው ሌት ተቀን ቆሞ አይጠብቀውም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች የቆርቆሮ ሣጥን፣ ማለትም የመቆጣጠሪያ ፓኔሉ፣ ታዘዋለች። ዛሬ የምናወራው ስለዚችው ሣጥን፣ በተለይም ለሣጥኗ አንጎል ቀለብ ስለሚሰፍረው ክፍል፣ ስለ ፓወር ሰፕላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚሁ ዳገት ላይ ካለ አንድ የጋራ ግቢ ለእርዳታ ተጠርቼ ነበር። ፓኔሉ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል፤ ሦስቱንም ጊዜ «ተሠርቷል» ተብሏል፤ ሦስቱንም ጊዜ ነዋሪው በማግሥቱ ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። የመጀመሪያው ባለሙያ ፊውዝ ለወጠ። ሁለተኛው ኮንታክተሩን ለወጠ፤ የመገናኛ ነጥቦቹ ተቃጥለው ነበርና ነገሩ አላስገረመውም። ሦስተኛው ከሁሉ ውድ የሆነውን ኤሌክትሮኒክ ኮንትሮለር አስለወጠ። ገንዘቡ ከየቤቱ የተዋጣ ነው። ይህን የምጽፈው የሙያ ባልደረቦቼን ለማማት አይደለም። ሦስቱም ቴስተራቸውን አውጥተው ለክተዋል፤ ሦስቱም 24 ቮልት አግኝተዋል፤ ሦስቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ብቻ ሦስቱም የለኩት በቀን ነበር።

እኔም ብሆን በቀን ሄጄ 24 ቮልት አግኝቼ ዕቃዬን ልሰበስብ ስል፣ የግቢው ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ ወደ ሣጥኑ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ቀን ቀን ጨዋ ነው። እብደቱ የሚነሳው ሲመሽ ነው፤ ሴቶቹ ምጣድ ሲጥዱ» አሉኝ። «ምን ይላል አባባ ሲያብድ?» ብላቸው፣ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይልና ዝም፤ ከዚያ እንደገና ቀጭ ቀጭ» ብለው በዱላቸው ጫፍ የበሩን ብረት መቱልኝ። ሦስት ባለሙያ ያላገኘውን ምርመራ እኒህ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሰጡኝ። እኛ በወርክሾፕ ለሠልጣኝ መጀመሪያ የምናስይዘው ካቻቢቴ ነው። ከካቻቢቴው በፊት ግን ከዕቃው ጋር የሚውለውን ሰው መጠየቅ አለ። መቼ ይነሳበታል? ከምን በኋላ? ዝናብ ጥሎ ነበር ወይ? መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው ወይ? ድምፁስ?

እንግዲህ ምጣድና ኮንትሮለር ምን አገናኛቸው? ይህን ለመረዳት የፓወር ሰፕላዩን ሆድ ማየት ይገባል።

የዚያ ፓኔል ፓወር ሰፕላይ አሮጌው ዓይነት ነበር። አሮጌው ዓይነት ለማስተማሪያ ይመቻል፤ ሥራው በዓይን ይታያልና። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 24 ቮልት ኤሲ ያወርደዋል። ቀጥሎ አራት ዳዮዶች ከረንቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ያቀኑታል። ይሁን እንጂ የተቃናው ነገር ገና ለስላሳ አይደለም፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ጉብታ ነው። በጉብታዎቹ መካከል ያለውን ጎድጓዳ የሚሞላው ትልቁ ካፓሲተር ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት በርሜል እንደማለት ነው፤ ቧንቧው ሲመጣ ይሞላል፣ ሲቋረጥ ቤቱ ከበርሜሉ ይቀዳል። በመጨረሻ ሬጉሌተር የምትባለው ባለ ሦስት እግር ዕቃ ትርፉን ቆርጣ ልክ 24 ቮልት ታሳልፋለች። ይህች ሬጉሌተር ግን አንድ ጠባይ አላት። 24 ለመስጠት በመግቢያዋ 26 ቮልት ያህል ማግኘት ይኖርባታል፤ ሁለቱ ቮልት የራሷ ቀለብ ነው። ከዚያ በታች ከመጣላት፣ ከመጣላት ላይ ሁለቱን ቀንሳ የቀረውን ታሳልፋለች እንጂ ከየትም አትፈጥርም።

አሁን እናሰላ። 24 ቮልት ኤሲ ጫፉ ሲወሰድ፣ በ1.41 ተባዝቶ፣ ወደ 34 ቮልት ይጠጋል። ዳዮዶቹ ከዚህ ላይ አንድ ተኩል ቮልት ያህል ይበላሉ፤ 32 ቮልት ይቀራል። ካፓሲተሩ ጤነኛ ሲሆን፣ ለምሳሌ 4700 ማይክሮ ፋራድ ቢሆንና ፓኔሉ አንድ አምፔር ቢስብ፣ በሁለት ጉብታ መካከል የሚወርደው 2 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ሬጉሌተሯ ከ30 ቮልት በታች አታይም፤ ጥጋብ ነው። ካፓሲተሩ ደርቆ 1000 ማይክሮ ፋራድ ብቻ ሲቀረውስ? በዚያው ጭነት ውረዱ ከ7 እስከ 8 ቮልት ይደርሳል። ጎድጓዳው 24 ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ የሬጉሌተሯ መውጫ ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ 22 ይነካል። አብዛኛው ኮንትሮለር እስከ 20 ቮልት ድረስ ይታገሣልና ነገሩ አይታወቅም። ፓኔሉ በቀን ጨዋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታሟል፤ ግን ይቆማል።

ሲመሽ ምጣዱ ይጣዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ነው። ከመንደሩ ትራንስፎርመር እስከ ግቢው ያለው ሽቦ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ 0.4 ኦም ነው እንበል፤ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ 170 ሜትር ገደማ ሲጓዝ የሚኖረው ኦም ማለት ነው። አንድ ምጣድ በዚህ ሽቦ ላይ 6.4 ቮልት ያስጥላል። በዚያው ፌዝ ላይ አምስት ምጣድ ሲጣድ 32 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ፤ 220 የነበረው 188 ሆነ ማለት ነው። ስሌቱ የግምት ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ ምጣዱ የሚስበውም ትንሽ ይቀንሳልና። ግን ማታ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው የአምፖል መድከም ከዚሁ ስሌት ጋር ይገጥማል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ብዙ ሰው «ኃይል ቀነሰ» ሲል ነገሩ የግድብ ጉዳይ ይመስለዋል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ሆኖም ጉባ ላይ የሚመነጨው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ከምሰሶው እስከ ግቢያችን የምትመጣው ቀጭን ሽቦ ከግድቡ ጋር አትወፍርም። ኦሟ ኦም ነው። በመስመር ጫፍ ያለ ሰው የሚያየው ቮልት የሚወሰነው በዋናነት በዚያች ሽቦና በጎረቤቱ ምጣድ ነው።

ወደ ፓኔላችን እንመለስ። 188 ቮልት ሲገባ የትራንስፎርመሩ መውጫ 24 መሆኑ ቀርቶ 20.5 ይሆናል። ጫፉ 29፣ ዳዮድ ከበላ በኋላ 27 ተኩል። ጤነኛ ካፓሲተር ቢኖር ጎድጓዳው 26 ገደማ ላይ ይቆም ነበር፤ ጠባብ ቢሆንም ያልፋል። የደረቀው ካፓሲተር ግን ወደ 20 ያወርደዋል፤ ሬጉሌተሯ ሁለቷን ስትወስድ ለኮንትሮለሩ 18 ቮልት ይደርሰዋል። ኮንትሮለሩ «ቀለቤ ጎደለ» ብሎ ይዘጋል። ልብ በሉ፤ ምጣዱ ብቻውን ፓኔሉን አላሳበደውም፤ የደረቀው ካፓሲተርም ብቻውን አላሳበደውም። ሁለት ግማሽ ጥፋቶች ማታ ማታ ይገናኙ ነበር።

የቀጭ ቀጩ ምሥጢርም ከዚህ ይመዘዛል። ኮንትሮለሩ ፓምፑን ሲያስነሳ ሞተሩ በመነሻው ቅጽበት ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚሆን ከረንት ይጎትታል። ቀድሞ የወረደው ቮልት በዚህ ጊዜ ጨርሶ ይዘቅጣል። ፓወር ሰፕላዩ ይደክማል፣ ኮንትሮለሩ ይጠፋል፣ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ሞተሩ ይቆማል። ሞተሩ ሲቆም ቮልቱ መልሶ ይነሳል፤ ኮንትሮለሩ ነቅቶ «ታንከሩ ጎድሏል» ብሎ እንደገና ሞተሩን ያስነሳል። ቀጭ። በእያንዳንዱ ቀጭ የኮንታክተሩ ነጥቦች ያንን የመነሻ ከረንት በብልጭታ ይቆርጣሉ። ተቃጥሎ የተለወጠው ኮንታክተር እንግዲህ ጥፋት የለበትም፤ ሌላው ያጠፋውን ነው የከፈለው።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ቴስተሬን ይዤ ተመለስኩ። መግቢያው 190 አካባቢ ይወላውላል። በ24 ቮልቱ መውጫ ላይ በዲሲ ስለካ 22 አለኝ። ያልጠረጠረ ሰው 22 አይቶ «ምንም አይል» ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም ቴስተር በዲሲ የሚያሳየው አማካዩን ነው። 24 እና 18 ሲፈራረቁ ቴስተሩ መሐሉን ይነግረናል እንጂ ጎድጓዳውን አይነግረንም። ስለዚህ ሳልነቅል ማዞሪያውን ወደ ኤሲ ቀየርኩት። ንጹሕ ዲሲ በኤሲ ሲለካ ዜሮ መሆን ነበረበት፤ 2 ቮልት ያህል አሳየኝ። በቃ፣ በሽታው ተገኘ።

ይህችን ኤሲ በዲሲ ላይ የመለካት ዘዴ ሁሉም ሠልጣኝ ይያዛት፤ ኦሲሎስኮፕ በሌለበት ወርክሾፕ እንደ ድሃ ኦሲሎስኮፕ ታገለግላለች። ማስጠንቀቂያ ግን አላት። አንዳንድ ርካሽ ቴስተር በኤሲ ቦታ ላይ ሆኖ ዲሲ ሲሰጡት ከዲሲው እጥፍ በላይ የሆነ የማይረባ ቁጥር ያሳያል። የራሳችሁን ቴስተር አስቀድማችሁ በባትሪ ፈትኑት፤ በ9 ቮልት ባትሪ ላይ በኤሲ ስትለኩት ዜሮ ካላለ፣ በአንዱ ገመድ ላይ ምልክት የሌለው 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አስገቡ፤ ዲሲውን ያግድና ሞገዱን ብቻ ያሳልፋል።

ካፓሲተሩ ለምን ደረቀ? ሙቀት ነው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይተናል። በሙያው የሚሠራበት ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚለው ነው። ላዩ ላይ «105 ዲግሪ፣ 2000 ሰዓት» የሚል ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ቢኖር 32000 ሰዓት ይደርሳል፤ ይህም ያለ ዕረፍት ከሦስት ዓመት ተኩል ትንሽ ያልፋል። በ55 ዲግሪ ብናኖረው ሰባት ዓመት በሆነ። ያቺ የቆርቆሮ ሣጥን የተሰቀለችው የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ነበር፤ የአየር ቀዳዳዋንም አንድ አሳቢ ሰው አቧራ እንዳይገባ ብሎ በፕላስቲክ ለጥፎታል።

እስካሁን የአንድ ፓኔል ታሪክ ነው። ሌላ ፓኔል ሌላ ጠባይ አለው፤ ግን አፈላለጉ የሚመሳሰል መንገድ አለ። እኔ ከመሐል መጀመር እወዳለሁ። ከመግቢያው ጀምሮ እያንዳንዱን ነጥብ መቁጠር ጊዜ ይፈጃል። ትልቁ ካፓሲተር ላይ ልካ። እዚያ ተገቢው ዲሲ ካለ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከሌለ ከዚያ ወዲያ ነው። በአንድ ልኬት ግማሹን ፓኔል ከተጠርጣሪነት ነፃ አወጣህ። ቀጥሎ የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈል።

ዋናው ነገር ግን ያለ ጭነት የተለካ ቮልት ምስክርነቱ ደካማ መሆኑ ነው። ቴስተር ራሱ የሚስበው ከረንት ኢምንት ነው። ስለዚህ ብየዳው የተሰነጠቀ፣ ቪቴው የላላ፣ ተርሚናሉ የዛገ ቢሆን እንኳን ቴስተሩ 24 ይላል፤ አንድ አምፔር ሲጠየቅ ግን ቮልቱ እዚያው ዝገት ላይ ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከከባድ መኪና ላይ የሚወጣ 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል አንድ አምፔር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይስባል። ሁለት ሽቦ በጥሱበትና መውጫው ላይ አድርጋችሁ ለኩ። አምፖሉ በርቶ ቮልቱ ካልተነቃነቀ ፓወር ሰፕላዩን እመኑት። አምፖሉ በርቶ ቮልቱ ከወደቀ ግን ያ ቀን ሙሉ ስትፈልጉት የዋላችሁት ነገር እዚያው ነው።

ስለ ፊውዝ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ የተቃጠለ ፊውዝ ከመጣሉ በፊት በብርሃን ይታይ። መስተዋቱ ጠቁሮ፣ ክሩ ተንኖ ከሆነ ከፍተኛ ሾርት አልፎበታል፤ አዲስ ፊውዝ ብታስገቡ እሱም ይከተለዋል። መስተዋቱ ንጹሕ ሆኖ ክሩ ከመሐል ቀልጦ ከተቆረጠ ግን መጠነኛ የሆነ ከልክ ያለፈ ጭነት ለረጅም ጊዜ ተሸክሟል። በመዳብ ክር ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ፊውዝ «መጠገን» የቆየ ብልሃታችን ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊውዝ የሚሆነው ትራንስፎርመሩ ወይም ቤቱ ነው።

ከሁሉ የማስፈራው ግን የኒውትራል መቆረጥ ነው። ይህ በተለይ በክረምት፣ ነፋስና ዝናብ የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ በሚጥልበት ጊዜ ይደርሳል። የዳገቱ ባሕር ዛፍም የሰፈሩ ስምም በአንድ ዘመን የመጡ ናቸው፤ ዛፉ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው በዚያው ዘመን ለፈረንሳይ ሌጋሲዮን ከተሰጠው ሰፊ ግቢ ነው። የመንደር መስመር ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል አለው፤ በፌዝና በፌዝ መካከል 380፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ነው። ኒውትራሉ ከላይ ሲቆረጥ ቤቶቹ በሁለት ፌዝ መካከል በተከታታይ የተያያዙ ያህል ይሆናሉ። ምጣድ የጣደው ፌዝ ቮልቱ ይወርዳል፤ አንድ አምፖል ብቻ ያበራው ፌዝ ወደ 380 ይወጣል። አንዱ ቤት መብራቱ ሲደክም የጎረቤቱ ከልክ በላይ ከበራ፣ ምልክቱ ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ ፓኔል አይጠገንም፤ ዋናው ብሬከር ይወርዳል፣ ጎረቤት ይነገራል፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይጠራል። (አሁንም በልማድ «መብራት ኃይል» እንላለን፤ ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ማመንጫው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱ ለአገልግሎቱ ሆኗል።) መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ፓኔሉ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ ከመግቢያው አጠገብ ያለች እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ቫሪስተር ፈንድታ ነው። ራሷን ሠውታ የኋላውን አድናለች፤ ፊውዙን ብቻ ለውጦ እሷን እንዳለች መተው ቀጣዩን አደጋ ያለ ጠባቂ መጠበቅ ነው።

በዛሬው ጊዜ በአብዛኛው ፓኔል የምናገኘው ስዊቺንግ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ምንም ቢገባለት 24 ያወጣል፤ ለማታው ምጣድ ደንታ የለውም። የራሱ በሽታ ግን አለው። አረንጓዴ መብራቱ ትክ፣ ትክ፣ ትክ እያለ ብልጭ ካለ፣ ሞተ ማለት አይደለም፤ ከመውጫው በኩል ከአቅም በላይ ጭነት አይቶ ራሱን እየዘጋ እንደገና እየሞከረ ነው። መጀመሪያ የመውጫ ገመዶቹን ንቀሉ። መብራቱ ከረጋ ጥፋቱ ውጪ ነው፤ በእኔ ልምድ አብዛኛውን ጊዜ ታንከር ውስጥ የምትንሳፈፈው የፍሎት ገመድ ውሃ ገብቶባት ነው። ገመዱ ተነቅሎም ትክ ትክ ካለ ጥፋቱ ውስጡ ነው፤ ከላያቸው ያበጡ ካፓሲተሮችን ፈልጉ። ፊውዙን የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ያለ ጭነት፣ በ60 ዋት የክር አምፖል በተከታታይ አድርጋችሁ አብሩት። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው፤ በሙሉ ኃይሉ እንደበራ ከቀረ መግቢያው ሾርት ነው፤ ፊውዝም አልባከነም።

ነገር ግን ይህን ዓይነት ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ስሙ። እዚህ ውስጥ 220 ቮልቱ ትራንስፎርመር ሳያገኝ በቀጥታ ይቀናል፤ የመግቢያው ካፓሲተር ላይ 311 ቮልት ዲሲ ይቀመጣል። ሶኬቱ ተነቅሎም ይቆያል። እኔ ወጣት ሳለሁ «ነቅያለሁ እኮ» ብዬ አውራ ጣቴን አሳርፌበት ነበር፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ተመታ፣ ካቻቢቴው ከኋላዬ ከቆመው ልጅ ጆሮ አጠገብ አለፈ። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማውረድም ሞኝነት ነው፤ ብረቱን ይበላዋል፣ ብልጭታው ዓይን ያገኛል። 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በተሸፈነ ገመድ ጫፍ ላይ ብየዱ፣ ለአሥር ሰከንድ ያህል ካፓሲተሩ ላይ ያዙ፣ ከዚያ ለኩ። ለክታችሁ ከ10 ቮልት በታች ካላያችሁ እጃችሁን አታስገቡ።

የከፍታ ነገርም አለ። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3000 ያልፋል። የብዙ ፓወር ሰፕላይ መግለጫ ወረቀት ግን «እስከ 2000 ሜትር» ብሎ ያቆማል። አየሩ ሲሳሳ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፣ ብልጭታን የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። በዓለም አቀፉ የኢንሱሌሽን ደንብ በ3000 ሜትር ላይ በሁለት ብረቶች መካከል የሚተወው የአየር ርቀት በ2000 ሜትር ከሚበቃው በ1.14 ይባዛል። አንዳንድ አምራቾችም ከ2000 ሜትር በላይ በየ1000 ሜትሩ ዕቃው የሚችለውን የአካባቢ ሙቀት ከ3.5 እስከ 5 ዲግሪ ቀንሱ ይላሉ። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ይህንን በከፊል ይክሰዋል፤ ዝግ የሆነች ፀሐይ የምትመታት ሣጥን ግን ቅዝቃዜውን አታይም። በእንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለቱ ቴሌስኮፖችም የሚዞሩት በሞተርና በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የእኛ የውሃ ፓምፕ ጣጣ ብቻ አይደለም።

ለመምህራን አንድ ቃል። በወርክሾፓችን ለፈተና የምናዘጋጀው ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ብልሽት ነው፤ ሽቦ ቆርጠን «ፈልግ» እንላለን። ሠልጣኙም ያገኘዋል። ውጪ ሲወጣ የሚጠብቀው ግን ቀን ጨዋ፣ ማታ እብድ ነው። ቫርያክ ካለን ማታን በጠራራ ፀሐይ ማምጣት እንችላለን፤ መግቢያውን ከ220 ወደ 185 ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ከፓኔሉ ጀርባ በተደበቀ ማብሪያ ጤነኛውን ካፓሲተር በደረቀው መለዋወጥ፣ በሌላ ማብሪያ ደግሞ በመውጫው ተርሚናል ላይ 5 ኦም ሬዚስተር ማስገባት ይቻላል፤ ይህ የዛገ ቪቴን ይመስላል። ሠልጣኙ ቴስተሩን ከማሳረፉ በፊት ስንት ቮልት እንደሚጠብቅ በወረቀት ይጻፍ። ያልጠበቀው ቁጥር ሲመጣ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። ዕቃ መለወጥ የሚፈቀድለት ዕቃው ጥፋተኛ መሆኑን በሁለት ልኬት ካሳየ በኋላ ይሁን። ነገ አርባ ልጆች ፊት የሚቆም ሰው «ለውጠህ ሞክር»ን ይዞ ከወጣ፣ አርባ ሰው በሕዝብ መዋጮ ይሞክራል።

ያን ማታ ዋናውን ብሬከር አውርጄ፣ ካፓሲተሩን አስፈስሼ፣ 4700 ማይክሮ ፋራድ 50 ቮልት የሆነ አዲስ አስገባሁ፤ ምልክቱን ሁለት ጊዜ አይቼ። ኮንትሮለሩ ከጠፋ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ሞተሩን እንዳያስነሳም ታይመሩን አስተካከልኩ። የፓወር ሰፕላዩን መግቢያ ምጣድ ካልበዛበት ፌዝ ላይ አዛወርኩት፤ የአየር ቀዳዳውንም ፕላስቲክ ላጥኩት። ምጣዶቹ ገና አልወረዱም ነበር፤ መስመሩ 190 ላይ እንዳለ በዲሲ 24፣ በኤሲ ከ0.1 በታች አገኘሁ። ፓምፑ ተነስቶ ሳይቋረጥ ሄደ። ዘበኛው ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አስጠግተው ቆዩና፣ «ዛሬ እንኳ ዝም ብሏል፤ ነገም ማታ አየዋለሁ» አሉኝ። በሳምንቱ ስደውልላቸው እንደዚያው ነበር።

የተነቀለው ካፓሲተር በኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፑ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከላዩ አላበጠም፣ አልፈሰሰም፣ ቀለሙ አዲስ ይመስላል፤ ጀርባው ላይ 4700 ይላል። የካፓሲተር መለኪያውን አምጡና ለኩት።